ካሬው ውስጥ ኤክስ ላድርግ ወይስ ልተወው?

የሒሳቧ መምህርት (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ፣ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን የማማክረው ሰው አጣሁ። እናቴን እንዳልጠይቅ ነገሩ ራሱ የሷ ነው። ባሌን ስጠይቀው "እንደመሰለሽ" ይለኛል። ስለዚህ እናንተን አስቸግራለሁ። ይረዝማል፣ ቡና አፍሉ።

36 ዓመቴ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። ትውልዴ መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት ከምናምን ያስኬዳል። እስከ 9 ዓመቴ ያደግሁት አያቴ ዘንድ ነው። እማማ ነው የምላት።

ችግሬ ይሄ ነው። ሰው ሲያመሽብኝ አልችልም። ባሌ ለሥራ አዲስ አበባ ውሎ ሲመለስ "ሸኖ ደርሻለሁ" ብሎ ይደውላል። ከዚያ ኔትወርክ ሲጠፋ እኔ በቃ ቀብሬዋለሁ። ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ለመንዝ ሰው ማን እንደሚደውል ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ። በር ከፍቶ ሲገባ ደስ እንደማለት እናደድበታለሁ። ልጄ ደግሞ 8 ዓመቱ ነው። ባለፈው ትምህርት ቤቱ አንኮበር ሊያስጎበኛቸው ወሰዳቸው። የዚያን ቀን ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬያለሁ፣ ምን እንዳስተማርኩ ግን አላውቅም። "ቲቸር፣ ይሄንን እኮ ትናንት ሠርተነዋል" ያሉኝ ልጆቹ ናቸው።

ልቤ ሲደልቅ፣ ጣቶቼ ሲደነዝዙ የልብ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልቤ ደህና ነው ተባልኩ። ሁለተኛው ሐኪም ነው የሥነ ልቦና አማካሪ እንዳነጋግር የነገረኝ። አማካሪዬ ልጅ እግር ናት። መጀመሪያ ንቄያት ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። እሷ ግን አልቸኮለችም። ሦስት ቀጠሮ ሙሉ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ አተነፋፈሴ፣ ጭንቀቱ ሲመጣ እግሬን መሬት ላይ ስለመጫን ብቻ ነው ያወራነው። በአራተኛው ቀን አንድ ትልቅ ነጭ ወረቀት ዘረጋችልኝ። የሦስት ትውልድ ቤተሰቤን እንድሥል። ወንድ ካሬ፣ ሴት ክብ። ባልና ሚስት በአግድም መስመር ይያያዛሉ፣ ልጆች ከሥር በዕድሜ ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰቀላሉ። የሞተ ሰው ካሬው ወይም ክቡ ውስጥ ኤክስ ይደረግበታል። ጄኖግራም ይባላል አለችኝ።

እኔ ሳቅሁ። የመንዝ ልጅ ዘር መቁጠር ትማር? አባቴ እኮ ሰባት ቤት ያስቆጠረኝ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ነው። ተሳስቼ ከቆምኩ ከመጀመሪያው። ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር ግድ ነው፣ በርስት ጊዜ ደግሞ እስከ አቅኚው አባት ድረስ በአባትም በእናትም ያልቆጠረ ሰው መሬት አያገኝም ነበር። ያ በየካቲት 1967 አዋጅ ቀርቷል፣ የአባቴ ምላስ ግን አልሰማም። ስለዚህ እስክሪብቶውን አንስቼ እንደ ጉድ ወረድኩት። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት…

አማካሪዬ ዝም ብላ አየችኝና "ወደ ላይ ብቻ ነው የምትሄጂው። ወደ ጎንስ?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ለካ የኛ ቆጠራ መሰላል ነው። ልጅ ወልዶ መሬት ያስተላለፈውን እየረገጥን ወደ ላይ እንወጣለን። ዘር ሳይተካ የቀረ፣ በልጅነቱ የሞተ፣ ሳይወልድ የጠፋ ሰው መሰላሉ ላይ የለም። ወደ ጎን ስሄድ በእናቴና በትንሹ አጎቴ መሀል አንድ ቦታ አለ። ወንድ ነው። ካሬውን ሣልኩት። ከዚያ ምን እንደማደርግበት ጠፋኝ።

ስሙን እዚህ አልጽፍም። ቤታችን ውስጥም አይጠራም። እኔ እንኳን የሰማሁት 15 ዓመቴ ላይ ነው፤ አክስቴ ሽንኩርት እየከተፈች አመለጣት። በ1976 ዓ.ም. ገበያ ውሎ ታፍሶ ተወሰደ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ነበር፣ ከ18 እስከ 30 ያለው ሁሉ ይፈለጋል። እሱ ገና 18 ሞልቶት ነበር። አንድ ደብዳቤ መጣ አሉ፣ ከዚያ ምንም። በ1983 የተረፉት በእግራቸው እየተንጠባጠቡ ሲገቡ እሱ የለበትም። መርዶም አልመጣም። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ፍትሐት የለ፣ አርባ የለ፣ ተዝካር የለ።

አሁን ደግሞ ትዝ የሚሉኝ ነገሮች አሉ። እማማ ሌሊት በሩ ላይ መወርወሪያውን አትጥልም። ውርጭ ሜዳውን ጨው በሚያስመስልበት በኅዳር እንኳን በሩን በድንጋይ ብቻ ደገፍ ነው የምታደርገው። ሁሉም በልቶ ሲነሳ አንዲት እንጀራ መሶቡ ውስጥ ትቀራለች፣ "የመንገደኛ" ናት። ጅብ ይገባል ብዬ እፈራ ስለነበር አልተኛም። እማማም አትተኛም። እኔ በባና ተጠቅልዬ መደቡ ላይ ሆኜ፣ እሷ ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ፣ ሁለታችንም የውጭ ኮቴ እናዳምጣለን። እኔ ጅብ፣ እሷ ልጇን። ይሄን ለአማካሪዬ ስነግራት አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እማማ 80 አልፋለች፣ ሄጄ ልጠይቃት? እናቴ ስትሰማ "የተዳፈነ እሳት አትቆስቁሺ። አሮጊቷ ብትሞትብሽ ደሟ በእጅሽ ነው" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ሁለተኛ፣ ካሬው ውስጥ ኤክስ ላድርግ? ይሄ የሞኝ ጥያቄ ይመስላችኋል። ለኔ በሙያዬ ኤክስ ማለት ያልታወቀ ነገር ነው፤ ልጆቹን "ኤክስን ፈልጉ" ነው የምላቸው። እዚያ ወረቀት ላይ ግን ኤክስ ማለት ያለቀለት ሰው ነው። እጄ እምቢ አለኝ።

ጥቁር አንበሳው

ይቅርታ አድርጊልኝና የፈረንጅ ጨዋታ ነው። እኛ ስንት ጦርነት፣ ስንት ድርቅ ያየን ሕዝብ ነን። ሁሉም ቤት የጠፋ ሰው አለ። ሁሉም አያቱን እየቆፈረ ቢያለቅስ ማን ያርሳል? ባልሽ ሲያመሽ የምትጨነቂው ስለምትወጂው ነው። ተይው።

የሒሳቧ መምህርት

ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ነበር የማስበው። ግን "ስለምወደው" ነው ብዬ ልጄን ኳስ እንዳይጫወት ከለከልኩት። ፍቅር ከሆነ ልጁን ለምን ያስለቅሰዋል?

ወለተ ሥላሴ

እህቴ፣ ነገሩ መንፈሳዊ ነው። ፍርሃት ከቤት ወደ ቤት ይወረሳል። ሱባኤ ያዢ፣ ጸበል ተጠመቂ። ሩቅ አይደለሽም እኮ፣ ጻድቃኔ ማርያም ደጅሽ ላይ ናት። የአጎትሽን ነገር ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ሰው ፊት ከምትቆፍሪው እግዚአብሔር ፊት ቢሆን ይሻላል።

የሒሳቧ መምህርት

አሜን እህቴ። ጻድቃኔ ባለፈው ዓመት ሰነበትኩ። ሰላም አግኝቼበታለሁ፣ አልዋሽም። እዚያ እያለሁ ግን ስልክ አልነበረኝም፣ የሚያመሽም ሰው አልነበረም። ቤቴ ስገባ ነው የተመለሰብኝ። አማካሪዬም ጸበሉን ተዪ አላለችኝም፤ ሁለቱም ይሁን ነው ያለችው።

ባለ ክቡ

በሙያዬ አማካሪ ነኝ፣ የምሠራው ሌላ ከተማ ነው። ያንቺን አማካሪ ሥራ እዚህ ሆኜ አልፈታም፤ ከጻፍሽው ግን አካሄዷ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሰውነትሽን ማረጋጋት፣ ከዚያ ነው ታሪክ። ተገላቢጦሽ ያደረጉ ሰዎች ደንበኛቸውን አስለቅሰው ቤቱ ሰደውት ሌሊቱን ብቻውን ሲያድር አይቻለሁ። እኔም መጀመሪያ ሥራ ስጀምር አድርጌዋለሁ።

ለ"ጥቁር አንበሳው" አንድ ነገር ልበል። ወረቀቱ ፈረንጅ ሀገር መወለዱ እውነት ነው። መሬይ ቦወን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም፣ ሰውን ብቻውን ከማየት ከነቤተሰቡ ማየት ይሻላል ብሎ የተነሳ ሰው አለ፤ ሥዕሉ የመጣው ከዚያ አስተሳሰብ ነው። ሥራው ያለቀሰውን መቁጠር አይደለም። ስም ከተጻፈ በኋላ መስመር ይሠመራል። በጣም የተቀራረቡ በሦስት ትይዩ መስመር፣ የሚጣሉ በዚግዛግ መስመር፣ የተኳረፉ በተቆረጠ መስመር። ያኔ አንድ ነገር ሲደጋገም በዓይን ይታያል። በየትውልዱ አንድ ሰው ሳይሰናበት ይሄዳል፣ ወይም በየትውልዱ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የሁሉንም ሐሳብ ትሸከማለች።

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልምጣ። የአያትሽ ሐዘን በሙያው ስም አለው። ፖሊን ቦስ የምትባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በቬትናም ጦርነት ባሎቻቸው የጠፉባቸውን የወታደር ቤተሰቦች ስታጠና ያወጣችው ነው። በእኛ ቋንቋ "ቁርጡ ያልታወቀ ሐዘን" ብለው ይገባል። ሰውየው በአካል የለም፣ በቤቱ ግን አለ። እንዲህ ያለውን ሐዘን ከባድ የሚያደርገው የሐዘንተኛው ድክመት አይደለም፤ ነገሩ ራሱ በር የለውም። ሬሳ የለ፣ ቀን የለ፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" የሚል ጎረቤት የለ። ካለቀሰች ገደለችው ማለት ነው፣ ካላለቀሰች ደግሞ ሆዷ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ "ሞቷል፣ ተቀበዪው" ብሎ ማስገደድ ጉዳት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ ምናልባት ሞቷል፣ ምናልባት አልሞተም።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄሽ መልሴ አጭር ነው። ኤክሱን አታድርጊ። እጅሽ ትክክል ነው።

አንደኛው ይረዝማል። ልትሄጂ ከሆነ ከመሄድሽ በፊት ከአማካሪሽ ጋር ተለማመዱት። ምርመራ አታድርጊው። "ምን ሆነ?" "ማን ወሰደው?" ብለሽ አትጀምሪ። ስለ ሕይወቱ ጠይቂ፣ ስለ መጥፋቱ ሳይሆን። ዝም ካለች ዝም በዪ። ርዕስ ከቀየረች አብረሽ ቀይሪ። በአንድ ቀን ሁሉም አይወጣም፣ መውጣትም የለበትም። ሲነጋ ደግሞ ጥለሻት እንዳትመጪ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሪ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትዝታ ካሴት አይደለም፤ በተነሳ ቁጥር እንደገና ይሠራል። ጠያቂው "እንዲህ ሆኖ ነበር አይደል?" እያለ ከገፋ ያልነበረ ነገር ሊተከል ይችላል። ሌላው ደግሞ ያገኘሽው ነገር ጭንቀትሽን ሙሉ በሙሉ ያብራራል ብለሽ አትቁረጪ። ጅብና ኮቴ ስታዳምጪ ማደግሽ ድርሻ እንዳለው እገምታለሁ። ግን ጭንቀት ብዙ አባት አለው። አያትሽን ተከሳሽ እንዳታደርጊያት።

በነገራችን ላይ ከጦርነት ለተረፉ ሰዎች የሚሠራበት አንድ ሕክምና አለ፤ ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ያ ዕድሜህ ነው ይባላል። ክፉ ለሆነው ጊዜ ድንጋይ፣ ደግ ለሆነው አበባ በተራው ይቀመጣል። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያሉ መተረክ ነው። እኔ የወደድኩለት አበባውን ነው። ሰው ድንጋዩን ሊቆጥር መጥቶ አበባ ማስቀመጡን ያላሰበበት ብዙ ነው። ለአያትሽም አበባውን ቀድመሽ ጠይቂ።

ጡረተኛው፣ ጣርማ በር

ልጄ፣ ጽሑፍሽን የልጄ ልጅ ናት ያነበበችልኝ። እኔ ስናገር እሷ ትጽፋለች።

እኔም የ1976 ነኝ። አጎትሽን አላውቀው ይሆናል፣ ሰው ብዙ ነበር። ናቅፋ ግንባር ነበርኩ። በመጋቢት 1980 አፍዓበት ላይ ስንፈታ ተማረክሁ። አንድ የደብረ ሲና ልጅ አምልጦ ወጣና "እሱ እዚያው ቀረ" ብሎ ለቤቴ ነገረ። ውሸት አላለም፣ ቀርቼ ነበር። እናቴ ለቅሶ ተቀመጠች። ደረቷን ደቃ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ፍትሐት አስፈትታ፣ በ1981 ተዝካሬን አወጣች። በሬ አርዳ።

እኔ በ1983 ክረምት ከሲታ ሆኜ ገባሁ። ዝናብ ነበር። ውሻው እንኳን አላወቀኝም። እናቴ አየችኝና አልጮኸችም። ቀርባ ጆሮዬን ያዘችኝ። በልጅነቴ ፈረስ የረገጠኝ ጠባሳ ነበረኝ፣ ሱን ፈልጋ ነው። ከዚያ ቁጭ አድርጋ ጠላ ቀዳችልኝ። ለተዝካሬ የገዛችው ጋን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እስከዛሬ "ተዝካሩን የጠጣው" ይለኛል።

ልነግርሽ የፈለግሁት ይሄን አይደለም። ከኛ ቤት ከፍ ብሎ አንዲት ሴት ነበሩ። የሳቸውም ልጅ ከኔ ጋር ነው የተወሰደው። መርዶ አልመጣም። እኔ ከገባሁ ጀምሮ እሳቸውን እሸሻለሁ። በላይኛው መንገድ እዞራለሁ። ለምን ብትይ፣ እሱ የለም እኔ አለሁ፣ ምን እላቸዋለሁ? ሰፈሩም እንደዚያው። እሳቸው ሲመጡ ወሬ ይቆማል። "እንዳናስታውሳቸው" እንላለን። አንድ ቀን ግን ወፍጮ ቤት ተገናኘን፣ መሸሻ የለም። እጄን ይዘው ምን አሉኝ? "አብራችሁ ስትሆኑ ይስቅ ነበር?" በቃ። ይስቅ እንደሆነ ነው የጠየቁኝ። ይስቅ ነበር። የሻለቃውን አረማመድ እያስመሰለ ያስቀን ነበር። ነገርኳቸው፣ አስመስዬም አሳየኋቸው። ዱቄት ለብሰን ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እስኪሞቱ ድረስ ገበያ ሲወጡ እኔ ቤት ሳያርፉ አያልፉም ነበር።

ስምንት ዓመት ዞርኩባቸው ልጄ። እንዳናስታውሳቸው ነው የምንለው፣ መች ረስተው?

ሂጂ። ጠይቂያት።

የሒሳቧ መምህርት

ጋሼ፣ ይሄን ትምህርት ቤት ሆኜ ነው ያነበብኩት። መምህራን ክፍል ውስጥ። ሰው ሁሉ ምን ሆንሽ አለኝ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የልጅ ልጅዎንም ሳሙልኝ።

የሒሳቧ መምህርት (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ሄድኩ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ነው የምጽፈው።

እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ "ብቻሽን አትሄጂም" ብላ አብራኝ ተነሳች። እኔ ደስ አለኝ፣ የተረታች መስሎኝ። ከጣርማ በር ወደ መዘዞ የሚታጠፈው መንገድ ላይ ጉም ነበር፣ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የነዳው። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም።

የመጀመሪያው ማታ ምንም አልጠየቅሁም። በሁለተኛው ማታ ገብስ እየቆላን ነበር። "እማማ፣ እሱ ምን ይወድ ነበር?" አልኳት። ስሙን ጠርቼ። እናቴ እንስራውን አንስታ ወጣች። ውሃ ሙሉ ነበር እኮ።

እማማ ማማሰሉን አላቆመችም። "ቅንጬ" አለች። "ቅቤ የበዛበት። ሲበላ ዓይኑን ይጨፍናል።" ከዚያ ቆሎው እስኪያር ድረስ አወራች። ግልገል ሲወለድ ከነሱ ጋር ይተኛ እንደነበር፣ ጓሳ ሣር ሊያጭድ ሄዶ ቀበሮ አይቶ አባሮ እንደጠፋ፣ ድምፁ ጎርነን ሲል አፍሮ ሦስት ቀን እንዳልተናገረ። ጋቢው ሳጥን ውስጥ ነው፤ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። እኔ እያየሁት ነው ያደግሁት፣ የማንም ጋቢ መስሎኝ። "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። "ማን ጠየቀኝና!" አለች። 41 ዓመት መሆኑ ነው።

ጋሼ ጡረተኛው፣ እርስዎን አሰብኩ።

እኔ ሳልጠይቃት አንድ ነገር ጨመረች። ጨው አልቆባት ነበር። አንዱን በግ ሸጦ ጨው ገዝቶ እንዲመጣ የላከችው እሷ ናት። "ሳልልከው ብቀር" አላለችም። "ጨው" ብቻ ብላ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ባለሙያው እንደመከሩኝ።

ወረቀቱን በማግስቱ አሳየኋት። ሳቀች። "ይሄ ሁሉ ሰው ስንት እንጀራ ይበላል!" አለች። የሷን ክብ ወደደችው፣ ምጣድ መሰላት። ካሬው ላይ ጣቷን አድርጋ "ይቺስ?" አለችኝ። የሱ ናት አልኳት። ትንሽ አየችውና "ዙሪያውን ዘጋሽበት?" አለች። ላጲስ አውጥቼ በታች በኩል ያለውን መስመር አጠፋሁት። አሁን ሦስት ጎን ነው ያለው። ጂኦሜትሪ የማስተምር ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ካሬ የለም። ኤክሱም የለም።

አሁን ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር። ስንመለስ ሞላሌን አልፈን እናቴ በመስኮት እያየች ተናገረች። የዚያን ቀን አብራው ገበያ ነበረች። 22 ዓመቷ። ሰዎቹ ሲመጡ በጉን "ያዥልኝ፣ መጣሁ" ብሏት ሮጠ። እሷ የበጉን ገመድ እንደያዘች ቆመች። ሲይዙት አይታለች። አልጮኸችም፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ ነው ያለችው። በጉን እየጎተተች ቤት ገባች። ለእማማ "አላየሁትም፣ ተለያየን" ብላ ነገረቻት። እስከዛሬ ያቺው ናት ቃሏ።

"አሮጊቷ ብትሞትብሽ" ስትለኝ እኔ ስለ እማማ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

ምን እንደምላት አላወቅሁም። እጇን ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር። ጣርማ በር ደርሰን ሾፌሩ ለምሳ ሲያቆም "ርቦኛል" አለች፣ ሽሮ አዘዝን፣ በላች። ስለሱ ከዚያ በኋላ አላነሳችም። ለእማማ ትንገራት አትንገራት የኔ ጉዳይ እንዳልሆነ አማካሪዬ ነገረችኝ። ለመቀበል ከብዶኛል፣ እኔ መልስ ያለው ጥያቄ ነው የለመድኩት። እናቴ ራሷ ሰው ብታነጋግር ደስ ይለኛል። ስለ ገመዱ ሕክምና የጻፉት ባለሙያ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኛ ቤት ገመድ የሚባል ነገር ለጊዜው ባይነሳ።

ስለኔ ለጠየቃችሁ፣ አልዳንኩም። ባለፈው ሳምንት ባሌ ሲያመሽ ያው ልቤ ደለቀ። ግን ድንኳኑ ጋ ሳልደርስ "ይሄ የእማማ ኮቴ ነው" አልኩ በሆዴ። ሁለቴ ብቻ ደወልኩ። ድሮ አሥራ ምናምን ነበር። ልጄም ኳስ ተፈቅዶለታል፣ እስከ 11 ሰዓት።

ወለተ ሥላሴ

እህቴ አለቀስኩ። አሁን ተዝካር ብታወጡለትስ?

ባለ ክቡ

ስለ ገመዱ ገብቶኛል፣ ይቅርታ። የማፈላለጉን ነገር ከፈለጋችሁ ቀይ መስቀል በጦርነት የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት አለው። ዓመቱ ረዝሟል፣ ተስፋ ልሰጥሽ ብዬ አይደለም። አንዳንድ ቤተሰብ ግን "ጠይቀናል" ማለት መቻሉ ብቻ ይረዳዋል። አያትሽ ከፈለገች ብቻ ነው ታዲያ።

የሒሳቧ መምህርት

አመሰግናለሁ፣ እጠይቃታለሁ። ተዝካሩን በተመለከተ ግን ቤቱ ተከፍሏል። እናቴ ይውጣ ትላለች፣ ብቅሉን እኔ እችላለሁ ብላለች። እማማ ስልክ ላይ "እኔ ሳልሞት ማን ተዝካር ያወጣል" ብላ ጮኸችባት። ትንሹ አጎቴ ደግሞ ለስሙ መታሰቢያ የቅንጬ ዝክር ይሁንና የሰፈር ልጆች ይብሉት አለ። እማማ እሱን ስትሰማ "ቅቤው የማን ነው?" ብላ ጠየቀች። እዚያ ላይ ናቸው እስካሁን፣ ቅቤው የማን እንደሚሆን አልተስማሙም።